አህያዋን ማን አዳናት?

ከአዳማ መናኸሪያ ወደ ሻሸመኔ የሚሄድ ሚኒባስ እስኪሞላ የጠበቀ ሰው የሚያወራው አያጣም። ባለፈው ክረምት ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት ለልጅ ልጃቸው ተረት ጀመሩ። ድርቅ የጠናባቸው አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ «ይህ መዓት የመጣብን በማናችን ኃጢአት ነው?» ብለው ሊናዘዙ ተሰበሰቡ። አንበሳው ወይፈን መብላቱን ተናገረ፤ «ይሄማ ምን ኃጢአት አለው!» ተባለ። ነብሩ ፍየል፣ ጅቡ ዶሮ በልተዋል፤ እነሱም ነፃ ወጡ። አህያዋ ግን ጌታዋ ከወዳጁ ጋር ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር መንጨቷን ስትናዘዝ፣ «ለካ ያስጨረሽን አንቺ ነሽ!» ብለው ተረባርበው በሏት።

ልጁ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። «አይደለም እኮ! አልተበላችም፤ ታረቁ። መጽሐፉ ላይ አለ» አላቸው። አያትየው መልስ አጡ። ረዳቱ «ሒሳብ!» ብሎ ጨዋታውን ቆረጠው። እኔን ግን ነገሩ እስከ ሻሸመኔ ሲከነክነኝ ሄደ።

መጽሐፉን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ከፊደል ገበታ አጠገብ ተሰቅሏል። ስስ ነው፤ ወገቡ በሁለት ሽቦ ተይዟል። በመጨረሻው ገጽ አንበሳው አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቃል፣ አህያዋ ቀይ የትምህርት ቤት ቦርሳ አዝላ ትስቃለች፣ አራቱም ቀስተ ደመና ሥር እጅ ለእጅ (እግር ለእግር ማለት ይሻል ይሆን?) ተያይዘዋል። ከሥሩ «ከተረቱ ምን ተማራችሁ?» የሚል ጥያቄ ከነምርጫው አለ። ተረቱ ከማን እንደተሰማ ወይም ከየት እንደተወሰደ የሚናገር አንድ መስመር የለም። እኛ ያደግነው «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ሲባል ነው፤ የመጽሐፉ አዘጋጅ ግን አስጥሏታል።

ይህች አህያ ብዙ አገር የዞረች ናት። ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን እ.ኤ.አ. በ1678 ባወጣው ግጥም የሚናዘዙት ወረርሽኝ የገባባቸው እንስሳት ናቸው። አንበሳው በጎቹን አልፎ እረኛውንም መብላቱን ያምናል፤ ቀበሮው «በጎቹን አከበርካቸው እንጂ!» እያለ ያሞካሸዋል፤ አህያው ከገዳም መስክ ምላሱን የምታህል ሣር በመጋጡ ይሞታል። የእኛው ተረት በእንግሊዝኛ የታተመው ሃሮልድ ኩርላንደርና ወልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጡት የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ነው። እዚያም አህያዋ ትበላለች።

በዚያው መጽሐፍ ሌላ የምናውቀው ተረት አለ፤ ሌሊቱን በብርዳም ተራራ ላይ ራቁቱን ያደረውና ማዶ የነደደ እሳት አይተሃል ተብሎ ውርርዱን የተከለከለው አሽከር ታሪክ። በማጂ ያደገችው አሜሪካዊት ደራሲ ጄን ከርትዝ እ.ኤ.አ. በ1994 ለልጆች ደግማ ጽፋዋለች። አሽከሩን እረኛ ልጅ አደረገችው፤ እህትም ጨመረችለት። ግፉንና ግፉ የተመለሰበትን ብልሃት ግን አልነካችም። ስለዚህ ክርክሩ ተረት ይነካ አይነካ አይደለም። ከበደ ሚካኤልም በ«ታሪክና ምሳሌ» የባዕድ ተረቶችን በአማርኛ ግጥም አልብሰው ለትውልድ አስተምረዋል።

በኦሮሚያ ስለ ተረት ሲወራ ደግሞ አስቴር ጋኖን ማለፍ አይቻልም። በባርነት ባሕር ተሻግራ ልትሸጥ ስትል ጣሊያኖች ያስጣሏት፣ ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረች የኦሮሞ ልጅ ናት። ከልጅነቷ የምታስታውሳቸውን ወደ 500 የሚጠጉ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች በቃሏ አውጥታ ጻፈች። ብዙዎቹ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጁት የአፋን ኦሮሞ ማስተማሪያ እ.ኤ.አ. በ1894 ታተሙ። መጽሐፉ የታተመው በግዕዝ ፊደል ስለሆነ ዛሬ ቁቤ ብቻ የተማረ ልጅ በመጀመሪያ መልኩ ሊያነበው አይችልም። የአዳማ ወላጅ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ተረት ሲፈልግ የሚያገኘው ያንኑ በሽቦ የተያዘ ስስ መጽሐፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል። የባሌው ተወላጅ አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለ42 ዓመታት በቴሌቪዥን ተረት ነገሩን፤ በ1998 ዓ.ም. ከጣቢያው ተሰናበቱ፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. አረፉ። እሳቸው ሲወጡ ቀጭኔዋ ፀሐይ ገባች። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ጥሩ ዝግጅት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን ተሸልሟል፤ ነገር ግን ፊደልና ንጽሕና ማስተማሪያ እንጂ ተረት አይደለም። የነገሌ ቦረናው ተወላጅ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ይሠራ ነበር፤ «ሞኙ ማሞ»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ ወደ አገሩ ተመልሶም በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በሐዋሳም መጻሕፍት ጭኖ በየሰፈሩ የሚዞር ጋሪ አሰማራ። ጋሪውን የሚጎትተው ማን መሰላችሁ? አህያ ነው።

 

አዳማ መናኸሪያ አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ስሜ አይጻፍ ብለውኛል፤ ንግግራቸው ግን ይጻፍ። ስሱን መጽሐፍ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው የመጨረሻውን ገጽ ትክ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ጅብ ይቅርታ ሲጠይቅ አይተህ ታውቃለህ? እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ አንድም አላጋጠመኝ።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር ‹በሏት› ብዬ ዝም እል ነበር። አንዱ ይነሳና ‹ቲቸር፣ እሷ እኮ ምንም አላደረገችም!› ይላል። ሌላው ‹ለምን ተናገረች? ዝም አትልም ነበር?› ይላል። ሦስተኛው ‹ጅቡስ ዶሮዋ የማን ነበረች?› ይላል። ክፍሉ ገበያ ይሆናል። ያን ቀን ደወል ቢደወል የሚወጣ የለም። አሁን ግን ታረቁ። ታረቁ ከተባለ ልጁ ምን ይጠይቅ? በምን ተጣልተው ነው የታረቁት? በልተዋት እኮ ነው!»

ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ልጅ ፈሪ አይደለም፤ ፈሪው አሳታሚው ነው» አሉኝ።

የአጸደ ሕፃናት መምህርት የሆነች ወዳጄ በዚህ አትስማማም። የአራት ዓመት ልጅ ይህን ሰምቶ ሌሊት እንደሚባንን አይታለች። እውነት አላት፤ ለአራት ዓመት ልጅ ሌላ ተረት ሞልቷል።

ለልጆች የሚታተም ተረት ምን መመሪያ እንዳለው ለማወቅ አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄጄ ነበር። ኃላፊው ጥያቄዬን ሰምተው ሳይጨርሱ «በደብዳቤ አቅርብ» አሉኝ። አቀረብኩ። ስደውል ስብሰባ ላይ ናቸው፤ በአካል ስሄድ መስክ ወጥተዋል። ይህ እስከተጻፈ ድረስ ያሉት ነገር የለም።

ጉዳቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ልጁ ከአያቱ የሚሰማውና ከመጽሐፍ የሚያነበው ሲጋጭ የሚያምነው የታተመውን ነው። አያት ሁለት ሦስቴ ከታረመች በኋላ መናገር ትተዋለች። አዘጋጁም የሰማበትን ስለማይጽፍ ልጁ አድጎ የቀድሞውን ልፈልግ ቢል መነሻ የለውም።

አሳታሚዎች መጨረሻውን መቀየር መብታችሁ ነው። ስትቀይሩ ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተረቱን ከማን እንደሰማችሁት፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተነገራችሁና ምኑን እንደቀየራችሁ ጻፉ። ሁለት መስመር ይበቃል፤ የቀስተ ደመናውን ያህል ቀለም አይፈጅም።