ጉም ሲወርድ ስልካችሁ ምን ያስታውሳል?

የቤተሰብ ጉዞ ወደ ባሌ፦ የጂፒኤስ ነጥቦችን ስለ መሰየም፣ ስለ ማደራጀትና ከመጥፋት ስለ መጠበቅ

ከጎባ ተነስተን ሳነቴ አምባ ላይ ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ጅብራው በውርጭ ነጥቷል፤ ልጆቹ ቀይ ቀበሮ ለማየት ቸኩለዋል። መኪናችንን ከመንገዱ ዳር አቁመን ከአስጎብኚያችን ጋር ወደ አንዲት ትንሽ ሐይቅ በእግር አመራን። እኔም እንደ ጎበዝ መንገደኛ ስልኬን አውጥቼ መኪናው የቆመበትን ቦታ በጂፒኤስ መዘገብኩ። አፑ ስም ሲጠይቀኝ ግን ራሱ ያወጣለትን «012» ተቀብዬ አለፍኩ።

ስንመለስ ጉም ወረደ። ሳነቴን የሚያውቅ ይህን ጉም ያውቀዋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ከፊታችሁ የሚሄደው ሰው ይጠፋባችኋል። ስልኬን ስከፍት «011»፣ «012»፣ «013» ተደርድረው ጠበቁኝ። የትኛው መኪናው፣ የትኛው ቀበሮ ያየንበት፣ የትኛው ሻይ የጠጣንበት እንደሆነ ማስታወስ አቃተኝ። አንዱን መርጬ «በዚህ በኩል ነው» አልኩ። አስጎብኚያችን ጋሼ «እርግጠኛ ነሽ?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ እኔ ግን በስልኬ ተማመንኩ። 4,000 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ፣ የሚንቀጠቀጡ ሁለት ልጆች ይዘን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል በተሳሳተ አቅጣጫ ሄድን። በመጨረሻ ጋሼ ቆሙና «ልጄ፣ ስልክሽ የሚያውቀው አንቺ የነገርሽውን ብቻ ነው» አሉኝ። ከዚያ የመሬቱን ተዳፋት እያዩ ወደ መኪናችን መለሱን።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አዲስ አበባ ከተመለስን ከወር በኋላ ያው ስልክ ባልዲ ውሃ ውስጥ ገባ። የሦስት ዓመት የጉዞ ነጥቦቻችን አብረውት ሄዱ። ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ ሁለቱንም ስህተት እናንተ እንዳትደግሙት ነው።

ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል

ብዙ ሰው ኔትወርክ ሲጠፋ ጂፒኤስም የሚጠፋ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይዞራሉ። ስልካችሁ ከእነሱ የሚመጣውን ምልክት ይቀበላል እንጂ ምንም አይልክላቸውም። ቢያንስ የአራቱን ምልክት ካገኘ ያላችሁበትን ቦታ ያሰላል። ሲም ካርድም፣ ኢንተርኔትም፣ ክፍያም አይጠይቅም። ከሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. በፊት አሜሪካ ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚላከውን ምልክት ሆን ብላ ታዛባ ስለነበር ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ዛሬ ሰማይ በተገለጠበት ቦታ የተለመደ ስልክ በ5 ሜትር ገደማ ልዩነት ያሉበትን ይናገራል።

ኔትወርክ ሲጠፋ የሚጠፋው ካርታው ነው። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ፣ ቢዘገይ ሮቤ ወይም ጎባ ሆቴል ውስጥ ሳላችሁ፣ የአካባቢውን ካርታ ስልካችሁ ላይ አውርዱት። ኦስምአንድና ኦርጋኒክ ማፕስ የተባሉት አፖች ካርታውን አስቀድመው አውርደው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ሳነቴ ላይ ሰማዩ ክፍት ነው፤ ወደ ሪራ ወርዳችሁ ሃረና ጫካ ስትገቡ ግን ዛፉ ምልክቱን ይጋርዳል። እዚያ ነጥብ ስትመዘግቡ ገላጣ ቦታ ፈልጋችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ቁሙ። ብርድ ባትሪ ስለሚጨርስ ስልኩን በውስጠኛው ኪስ ያዙት፤ «ኤርፕሌን ሞድ» ላይ አድርጉት፤ ፓወር ባንክም አትርሱ።

ስም የሌለው ነጥብ እንደሌለ ቁጠሩት

በእንግሊዝኛው «ዌይፖይንት» የሚባለው የጂፒኤስ ነጥብ ሁለት ቁጥሮች ማለት ነው፤ አንዱ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን ርቀት ይነግራል። ለቁጥሮቹ ትርጉም የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

ይህን ከአዳኞች መማር ይቻላል። ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውጪ፣ እንደ ሃንቶ፣ ኦዶ ቡሉና አባሸባ ደመሮ ባሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች፣ በፈቃድ አደን ይካሄዳል። በፓርኩ ውስጥ ግን አደን ክልክል ነው። ስለዚህ ለአዳኝ የወሰን ነጥብ በሕግና በወንጀል መካከል ያለ መስመር ነው። ወሰኑን፣ ካምፑን፣ ውሃውንና ዱካ ያየበትን በአንድ ላይ የደባለቀ አዳኝ ነጥቦቹ ብዙ ቢሆኑም አይጠቅሙትም። እናንተ የምታድኑት በካሜራ ቢሆንም አደረጃጀቱ ያው ነው። አራት ፎልደር ይበቃችኋል፦

መመለሻ፦ መኪና፣ የፓርኩ በር፣ ካምፕ፣ ሆቴል።
ውሃና ማረፊያ፦ ምንጭ፣ ወንዝ፣ ነፋስ የማይመታው ቦታ።
አደጋ፦ ረግረግ፣ ገደል፣ ሲሞላ የማይሻገሩት ወንዝ።
ያየነው፦ አጋዘን፣ ወፍ፣ ልጆቹ የወደዱት ፏፏቴ።

ለእያንዳንዱ ነጥብ ስም ስትሰጡ ዓይነቱን አስቀድሙ፤ ቦታውንና ጊዜውን አስከትሉ። «መኪና-ሳነቴ-2017-04» እንደ ማለት። ዓይነቱ የሚቀድመው ጉም ውስጥ የምትፈልጉት «መኪናው የት ነው?» የሚለውን እንጂ ቀኑን ስላልሆነ ነው። የማስታወሻው ቦታ ላይ ደግሞ ከዓመት በኋላ ማወቅ የምትፈልጉትን ጻፉ፤ «በጥር ደርቆ ነበር»፣ «ከዝናብ በኋላ መኪና አያሳልፍም» ብላችሁ። አንዳንድ የቆዩ የእጅ ጂፒኤስ መሣሪያዎች ፊደላችንን አያሳዩም፤ እንዲህ ያለ ካላችሁ ስሙን በላቲን ፊደል አሳጥራችሁ ጻፉት።

ከሁሉ በላይ ሥራው ለነገ አይደር። በየምሽቱ ከእራት በኋላ አሥር ደቂቃ መድቡ፤ የማይጠቅመውን አጥፉ፣ ስሙ ያልተሟላውን አሟሉ። በሁለተኛው ቀን «013» ምን እንደነበር ማንም አያስታውስም።

ቁጥሩ ሲያታልል

ነጥብ በስልክ ወይም በወረቀት ስትቀባበሉ ሦስት ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው የአጻጻፍ ስልት ነው። የባሌ ተራሮች ጣራ የሆነው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። የሚገኝበት ኬክሮስ በአንዱ አጻጻፍ 6 ዲግሪ ከ49.6 ደቂቃ ሲሆን በሌላው 6.827 ዲግሪ ነው። አንድ ሰው የመጀመሪያውን በችኮላ «6.496» ብሎ ቢጽፈው ስህተቱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ተራራ ላይ መውጣት ሲገባችሁ ሃረና ጫካን አልፎ ወደ ዶሎ መና ቆላ ይወስዳችኋል። ቤተሰቡ በሙሉ አንድ አጻጻፍ ይምረጥ። የዲግሪ አጻጻፍን ከመረጣችሁ ከነጥቡ በኋላ አምስት አሃዝ ጻፉ፤ ሦስት አሃዝ ብቻ ሲሆን ቦታው እስከ 110 ሜትር ስፋት ባለው መሬት ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የካርታው መሠረት ነው። የቆዩት ባለ 1:50,000 የኢትዮጵያ ካርታዎች «አዲንዳን» በተባለ መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ ስልካችሁ የሚጠቀመው ግን «ደብሊው ጂ ኤስ 84» የተባለውን ነው። አንዱ ቁጥር በሌላው ላይ ሲነበብ ከ200 ሜትር በላይ ይዛነፋል። ከወረቀት ካርታ ነጥብ ስትወስዱ ጥግ ላይ የተጻፈውን አንብቡና በመሣሪያችሁ ላይ ቀይሩት።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። የጂፒኤስ ፋይል ጊዜውን የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ብለን የምንጠራው ፋይሉ ውስጥ 06:00 ሆኖ ይገኛል፤ ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብላችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ሦስት ቅጂ፣ ሦስት ቦታ

አሁን ወደ ባልዲው እንመለስ። ነጥቦቻችሁ አፑ ውስጥ ብቻ ካሉ ስልኩ ሲጠፋ፣ ሲሰበር ወይም አፑ ሲደለት አብረው ይጠፋሉ። መፍትሔው «ጂፒኤክስ» የሚባል ፋይል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ የፋይል ዓይነት ሲሆን በውስጡ ያለው ተራ ጽሑፍ ነው። ጋርሚንም ሆነ የስልክ አፕ ያነበዋል፤ ሌላው ቢቀር ኮምፒውተር ላይ ጽሑፍ በሚከፍት ማንኛውም ፕሮግራም ከፍታችሁ ቁጥሮቹን በዓይናችሁ ታዩአቸዋላችሁ። አፑ ውስጥ «ኤክስፖርት» ወይም «ሼር» የሚለውን ፈልጋችሁ ነጥቦቹን በዚህ ዓይነት አውጡ።

ከዚያ ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ። አንዱ ስልካችሁ ላይ፣ ሁለተኛው ፍላሽ ወይም የቤት ኮምፒውተር ላይ፣ ሦስተኛው ከቤታችሁ ውጪ። ለሦስተኛው ጉግል ድራይቭ ወይም የራሳችሁ ኢሜይል ይሆናል፤ በቴሌግራም ወደ ራሳችሁ «ሴቭድ ሜሴጅስ» መላክም ይቻላል። ምሽት ላይ ኔትወርክ ስታገኙ ፋይሉን ላኩት፤ መጠኑ ከአንድ ፎቶ ያነሰ ስለሆነ ደካማ ኢንተርኔትም ያሳልፈዋል። የባለቤታችሁ ስልክ ላይም ይቀመጥ፤ መኪናው የት እንዳለ የሚያውቀው አንድ ስልክ ብቻ መሆን የለበትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ሲንክ» ማለት ባክአፕ ማለት አይደለም። ስልካችሁ ከአካውንታችሁ ጋር ሲንክ ሲያደርግ እዚህ በስህተት ያጠፋችሁት እዚያም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ቀን ያለው አዲስ ፋይል አስቀምጡ፤ የድሮውን አትተኩበት። ባክአፑም መሥራቱን ፈትሹ። ፋይሉን በሌላ ስልክ ክፈቱትና «መኪና-ሳነቴ» በቦታው መኖሩን እዩ። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ተስፋ ነው እንጂ ባክአፕ አይደለም።

በመጨረሻም ወረቀት። ዋና ዋናዎቹን አምስት ነጥቦች በደብተር ጽፋችሁ በፌስታል ጠቅልሉት። ወረቀት ባትሪ አይጨርስም።

ለማንም የማይሰጥ ነጥብ

እስካሁን ነጥብ እንዳይጠፋ ነው ያወራነው። አንዳንዱ ግን ከእናንተ እጅ ባይወጣ ይሻላል።

የደጋ አጋዘንን ለሳይንስ ያስተዋወቀው አደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 አይቨር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ባለው ደጋ ገድሎ የወሰደው አጋዘን በ1910 ሪቻርድ ሊዴከር በተባለ ተመራማሪ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። በዚያ ዘመን አንድ ነጥብ ለማግኘት ወራት ይፈጅ ነበር። ዛሬ ልጃችሁ የምትለጥፈው አንድ ፎቶ በሰከንድ ውስጥ ትክክለኛውን ቦታ ለዓለም ሊናገር ይችላል።

ባሌ ተራሮች በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ወደ 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ናቸው። ግልገሎች ያሉበት ጉድጓድ ነጥብ ከተሰራጨ መኪናና ሰው ይበዛበታል፤ እናቲቱም ግልገሎቿን ይዛ ለመሸሽ ትገደዳለች። የአጋዘን መዋያ ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ የሚያድን ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «ያየነው» ፎልደርን ለብቻው አስቀምጡ፤ ፋይል ለወዳጅ ስትልኩ እሱን አውጡት፤ የካሜራችሁን የቦታ መመዝገቢያ ዝጉት። ያያችሁትን ለፓርኩ ሠራተኞች መንገር ከፈለጋችሁ ዲንሾ ያለው ጽሕፈት ቤት መንገዳችሁ ላይ ነው። «መመለሻ»፣ «ውሃ» እና «አደጋ» ግን ለሁሉም ስጡ፤ የሰው ሕይወት ያድናሉ።

እኛ በዓመቱ ወደ ሳነቴ ተመለስን። በዚህኛው ጉዞ ነጥብ የመሰየሙን ሥራ ለአሥራ አንድ ዓመቷ ልጃችን ሰጠናት። መኪናው ጋ ቆማ ስም ሰጠች፣ በደብተሯም ጻፈች፣ የአባቷ ስልክ ላይ መኖሩንም አየች። ከሰዓት በኋላ እንደተለመደው ጉሙ ወረደ። ልጅቷ ስልኩን ከፍታ «መኪና-ሳነቴ፣ ስምንት መቶ ሜትር፣ በዚህ በኩል» አለች። ጋሼ መሬቱን አዩ፣ ጣቷ ወደሚያመለክተው አዩ፣ ራሳቸውንም ነቀነቁ።

«ትክክል ነሽ» አሏት። ከዚያ እጇን ያዙና «እሱንም ያዢ፣ እኔንም አትልቀቂ» ብለዋት ፊት ፊት ሄዱ።