ስለ ጉድጓድ ልክና ስለ አፈር ስፍር

ቤት የሚያሠራ ሰውና ጉድጓድ ቆፋሪ በዋጋ የሚጣሉበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ተንኰል አይደለም፤ ባለቤቱ ጉድጓዱን፣ ቆፋሪው ደግሞ በደጅ የተከመረውን አፈር እያየ፣ አንዱን ነገር በሁለት ልክ ስለሚናገሩት ነው። ይህን ጠብ የሚያበርደው የይዘት ሒሳብ፣ ከቍጥር ትምህርት ሁሉ ለዶማና ለአካፋ የቀረበው ሲሆን፣ ሥሩም እጅግ የጠለቀ ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት የኖኅ መርከብ ርዝመቷ 300፣ ወርዷ 50፣ ከፍታዋም 30 ክንድ እንዲሆን መታዘዙን የሚያነብ ሰው፣ ሦስቱን አኃዞች እርስ በርሳቸው ቢያባዛ 450,000 ኩብ ክንድ ያገኛል። የምድርም ጉድጓድ የሚለካው በዚሁ መንገድ ነው፤ ርዝመቱ በወርዱ፣ የሁለቱም ብዜት በጥልቀቱ ይባዛል። እንግዲህ 2 ሜትር ርዝመት፣ 1.5 ሜትር ወርድና 3 ሜትር ጥልቀት ያለው የሽንት ቤት ጉድጓድ ይዘቱ 9 ሜትር ኩብ ነው። ጉድጓዱ ክብ ሲሆን ግን፣ ከዳር እስከ ዳር ያለው ወርድ በመካከል ተለክቶ እኩሌታው በራሱ ይባዛል፤ የተገኘውም በ3.14፣ ቀጥሎም በጥልቀቱ ይባዛል። ክቡን እንደ አራት ማዕዘን አስልቶ የከፈለ ባለቤት፣ ከገንዘቡ ከአምስት እጅ አንዱን ላልተቆፈረ አፈር ሰጥቷል ማለት ነው።

ጎኑ እንዳይናድ ሲባል አፉ ሰፍቶ ታቹ የጠበበ ጉድጓድ ደግሞ የራሱ ሥርዐት አለው፤ ይህንንም የጥንት ግብፃውያን ሊቃውንት ያውቁት ነበር። ዛሬ በሞስኮ ተጠብቆ በሚገኘው፣ አራት ሺህ ዓመት ሊሞላው በተቃረበው የፓፒረስ ጥቅል ላይ፣ የታችኛው ጎኑ 4፣ የላይኛው 2፣ ከፍታው 6 የሆነ ጫፉ የተቈረጠ ፒራሚድ ይዘቱ 56 መሆኑ ከነአሠራሩ ተጽፎ ይገኛል። አሠራሩም ሁለቱን ጎኖች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው ማባዛት፣ ደግሞም አንዱን በሌላው ማባዛት፣ ሦስቱን ብዜቶች ደምሮ ድምሩን በከፍታው አባዝቶ ለሦስት ማካፈል ነው። አፉ 3 በ3፣ ታቹ 2 በ2፣ ጥልቀቱም 3 ሜትር የሆነ ጉድጓድ በዚህ መንገድ 19 ሜትር ኩብ ይሆናል። የሥራ ቦታ ፎርማኖች የላዩንና የታቹን ጎን አማካይ ወስደው በአንድ ጊዜ ሲያባዙት 18.75 ይወጣላቸዋል፤ ለሽንት ቤት ጉድጓድ ይህን ያህል ጉድለት ቢታለፍ ማንንም አይጐዳም፣ ለግድብ ቁፋሮ ግን የሚታለፍ አይመስለኝም።

የዚህ ሒሳብ ትልቁ ወጥመድ ግን ከመስፈርት ወደ መስፈርት ሲሸጋገሩ የሚገጥመው ነው። በርዝመት ትንሽ የሚመስለው ልዩነት ሦስት ጊዜ ሲባዛ ያብጣል። ክንዱ 50 ሴንቲሜትር የሆነ ሰውና ክንዱ 45 የሆነ ሰው አንድ አንድ ኩብ ክንድ ቢቆፍሩ፣ በርዝመት የሚለያዩት በአንድ አሥረኛ ብቻ ሲሆን፣ በአፈሩ ግን የሁለተኛው ከመጀመሪያው ከሩብ በላይ ያንሳል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ለጓሯቸው አፈር ሲያስመጡ የሚገጥማቸው ኩብ ያርድ እንዲሁ ነው፤ ያርድ 91.44 ሴንቲሜትር ስለሆነ ከሜትር ብዙም የማያንስ ቢመስልም፣ ኩብ ያርዱ 0.765 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ያርዱ ሦስት ጫማ መሆኑን ያወቀ ሰውም ኩብ ያርድን ሦስት ኩብ ጫማ ብሎ እንዳይቈጥር፤ 27 ነው።

በእኛም አገር ቢሆን ሴንቲሜትርን ወደ ሜትር የለመደ እጅ ኩቡንም ለ100 ሊያካፍል ይቸኩላል። የቡና ችግኝ ለመትከል በየጎኑ 60 ሴንቲሜትር የሆነ ጉድጓድ የቆፈረ ገበሬ 216,000 ሴንቲሜትር ኩብ አፈር አውጥቷል፤ ይህም ለ1,000,000 ተካፍሎ 0.216 ሜትር ኩብ፣ በሊትር ሲሆን 216 ነው፤ ይኸውም ከአንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ይበልጣል። ልኩን በእኩሌታ ቀንሶ በየጎኑ 30 ቢያደርገው ድካሙ በእኩሌታ ሳይሆን ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል፤ ከጉድጓዱ የሚወጣውም 27 ሊትር ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ጠቡ እንመለስ። በምድር ውስጥ ለዘመናት ተጭኖ የኖረ አፈር ዶማ ሲያርፍበት፣ በደጋን እንደ ተነደፈ ጥጥ ይነፋል፤ በየጓሉ መካከል አየር ይገባልና። የመንፋቱ መጠን እንደ አፈሩ ይለያያል፤ አሸዋ ከመቶ 10 እስከ 15፣ ተራ አፈር 25 ያህል፣ የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር ከ30 እስከ 40፣ የተፈረካከሰ ዐለት ደግሞ 50ና ከዚያም በላይ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ያ 9 ሜትር ኩብ ጉድጓድ በተራ አፈር ላይ ቢቆፈር በደጅ የሚከመረው 11.25 ነው፤ ቆፋሪው አሥራ አንድ ሲል አልዋሸም፣ ባለቤቱም ዘጠኝ ሲል አልሰሰተም። ለጭነት መኪና የሚታሰበው ክምሩ ነው። ለቁፋሮ የእጅ ዋጋ ግን ትክክለኛው ልክ የጉድጓዱ ነው እላለሁ፤ ክምር እንደ አካፋው አጣጣልና እንደ ዝናቡ ይለዋወጣል፣ የጉድጓዱ ግድግዳ ግን ለሁለቱም እኩል ይታያል። ሆኖም ዋጋውን የሚቈርጠው ባለቤት ክብደቱንም ያስብ፤ ያልተቆፈረ አፈር አንድ ሜትር ኩቡ እንደ ዓይነቱና እንደ እርጥበቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ቶን ስለሚመዝን፣ ያ ሰው ከሦስት ሜትር ጥልቀት በክንዱ ያወጣው ከ13 ቶን በላይ ነው።

እንግዲህ ውል የምትዋዋሉ ሁሉ «በሜትር ኩብ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ የጉድጓዱ ይሁን የክምሩ ለይታችሁ ጻፉ፤ ጥልቀቱንም በአራቱ ማዕዘንና በመካከል፣ ግንቡ ሳይጀመር፣ ሁለታችሁም ቆማችሁ አስለኩ።