የአሶሳ ድንጋይ መቼ ታጠፈ? ምስክሩ ግራናይት ነው

በአሶሳ ዙሪያ ወንዝ ዳር ወይም ለመንገድ ሥራ በተቆረጠ ገደል ላይ ድንጋዩን ልብ ብላችሁ እዩት። አንዳንዱ እንደ ጨርቅ ተጣጥፏል፣ አንዳንዱ በስሱ እየተሰነጠቀ ይነሳል። ድንጋይ ይታጠፋል እንዴ? አዎ። ብዙ ኪሎ ሜትር ከመሬት በታች ሞቆና ተጨምቆ ረጅም ዘመን ከቆየ ይታጠፋል። ከባዱ ጥያቄ "መቼ?" የሚለው ነው።

እጥፋት በራሱ ላይ ቀን አይጽፍም። ስለዚህ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ሌላ ምስክር ይፈልጋሉ፤ ከሥር ቀልጦ መጥቶ በሌላው አለት መሃል ሰርጎ የቀዘቀዘ ድንጋይ፣ ለምሳሌ ግራናይት።

ነገሩን በነጠላ እንየው። ጥለቱ ከነጠላው ጋር አብሮ ከታጠፈ፣ ጥለቱ የተሠራው ከመታጠፉ በፊት ነው። ነጠላው ከታጠፈ በኋላ ግን አንድ ሰው ድርቡን ሁሉ በመርፌ ወግቶ ቢሰፋው፣ ክሩ እጥፋቱን አቋርጦ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ክሩ የመጣው በኋላ መሆኑን ማንም ያውቃል። ግራናይትም እንደዚሁ ነው። አብሮ የተጨመቀው ቀድሞ የነበረ ወይም በጭመቃው ጊዜ የገባ ነው፣ እጥፋቱን ቆርጦ ያለፈው ደግሞ ዘግይቶ የመጣ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሃተን እ.ኤ.አ. በ1785 ግሌን ቲልት በሚባል ሸለቆ ግራናይት ሌላውን አለት ሰንጥቆ እንደገባ ያየው በዚሁ ዓይነት አስተያየት ነበር፤ የሚቆርጠው ከሚቆረጠው በዕድሜ ያንሳል።

እሺ፣ ቅደም ተከተሉን አወቅን። ቁጥሩስ? እዚህ ላይ ዚርኮን የምትባል ደቃቅ ማዕድን ትመጣለች። ዚርኮን ግራናይት ውስጥ ስትፈጠር ዩራኒየም ታስገባለች፣ እርሳስን ግን አታስጠጋም ማለት ይቻላል። ዩራኒየሙ ቀስ እያለ ወደ እርሳስ ይለወጣል፤ ዩራኒየም 238 የሚባለው ዓይነት ግማሹ ለመለወጥ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ዛሬ በውስጧ የተገኘው እርሳስ ሰዓት ሆኖ ይቆጥራል። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ አንዳንዷ ዚርኮን ከጥንት አለት የተረፈ እምብርት ይኖራታል። እምብርቱን ከዳሩ ሳይለይ የለካ ሰው የአያትን ዕድሜ ለልጅ ይሰጣል።

በምዕራብ ኢትዮጵያ ይህ ዘዴ ምን አሳየ? ከግራናይቶቹና ከመሰሎቻቸው አንጋፋዎቹ ከ800 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ሳይታጠፉ የቀሩት ዘግይተው የመጡት ደግሞ ከ600 ሚሊዮን ዓመት በታች የሚወርዱ አሉባቸው። ዋናው መጨማደድ በእነዚህ መካከል ነው። ያኔ ከሞዛምቢክ እስከ ዓረብ ምድር በሚዘረጋ ሰፊ ቀበቶ ላይ የጥንት ውቅያኖስ ተዘግቶ የብስ ከየብስ ይጋጭ ነበር። ለማነጻጸር ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፣ የሰሜን ተራሮች ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ወደ 30 ሚሊዮን።

ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ወርቅ! በአሶሳ፣ በመንጌና በኩርሙክ በኩል ስንት ወጣት በወርቅ ቁፋሮ ይተዳደራል። እንዲህ ባለ ጥንታዊ አለት ውስጥ ወርቅ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው አለቱ በተፋጨባቸውና በተሰነጠቀባቸው መስመሮች ላይ፣ ትኩስ ውኃ ባለፈበት ነጭ የኳርትዝ ጅማት ዙሪያ ነው። ጅማቱ ከአለቱ ጋር ከታጠፈ ወርቁም እጥፋቱን ተከትሎ ሊታጠፍ ይችላል፤ እጥፋቱን ከቆረጠ ደግሞ የሚከተሉት ስንጥቁን ነው። የመጨማደዱን ዘመንና የጅማቱን ተራ ያወቀ ሰው ጉድጓዱን ወዴት እንደሚያዞር ይገምታል። ያላወቀ ጉልበቱን በባዶ ድንጋይ ላይ ይጨርሳል፣ አንዳንዴም በሚናድ አፈር ሥር ሕይወቱን ይከፍላል።

ስልክ በእጃችሁ ካለ መጀመር ትችላላችሁ። እንዲህ ዓይነት ድንጋይ ስታገኙ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጡና ፎቶ አንሱ፤ መጠኑ እንዲታወቅ ነው። ቦታውን በካርታ ላይ መዝግቡ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ማን ማንን ቆረጠ? ዕድሜውን ላቦራቶሪ ይለካል፤ የትኛው ድንጋይ መለካት እንዳለበት የሚወሰነው ግን እዚያው ገደሉ ሥር፣ ልብ ብሎ በሚያይ ሰው ነው።