የጥናት ሰዓት ያላገኘችው ተማሪ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን የወንዶችና የሴቶች ውጤት ጎን ለጎን ይቀርባል፤ የሴቶቹም ዝቅ ብሎ ይታያል። ብዙ ሰው ምክንያቱን ከተፈጥሮ ይፈልጋል። «ሒሳብ ለወንድ ነው» የሚለው አባባል ከመምህር አፍ ሳይቀር ይሰማል። ነገሩ የተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ የሴቶች ውጤት በየአገሩና በየትምህርቱ ዝቅ ባለ ነበር። ፒሳ በተባለው የ15 ዓመት ታዳጊዎች ዓለም አቀፍ ፈተና፣ በ2022 እ.ኤ.አ.፣ ከ81 ተሳታፊ አገሮችና ግዛቶች በ79ኙ ሴቶች በንባብ በልጠዋል። በሒሳብ በኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) አባል አገሮች ወንዶች በአማካይ በ9 ነጥብ ብቻ ቀድመዋል፤ ሴቶቹ በሒሳብ የቀደሙባቸው አገሮችም አሉ።

እኔ በእኛ አገር መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሰዓቱ ነው። በጠዋት ፈረቃ ተምረው ስድስት ሰዓት ላይ የሚለቀቁ እህትና ወንድም እናስብ። እሷ ውሃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿን ትይዛለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ወጥ ትጥዳለች። ደብተሯን የምትገልጠው ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ነው፤ ያውም መብራት ካለ። እሱም ከሰዓቱን ሙሉ ላያጠና ይችላል፤ ማጥናት ቢፈልግ ግን «ተነሽ!» ተብላ እንደምትጠራው እህቱ የሚያስነሳው የለም።

በገጠር ወንዱም እረኛ ነው፤ ሸክሙም ቀላል አይደለም። ሆኖም ሁለቱ ሸክሞች ውጤት ላይ የሚያርፉት በተለያየ መንገድ ነው። እረኝነት ልጁን ብዙ ጊዜ ጭራሽ ከክፍል ያስቀረዋል፤ ያቋረጠ ልጅ ደግሞ ለፈተና ስለማይቀመጥ የወንዶቹን አማካይ አያወርድም። የጓዳ ሥራ ልጅቷን ከክፍል ሳያስወጣ ጥናቷን ይበላል። ደክሟት ትፈተናለች፤ ዝቅተኛ ነጥቧም ተቆጥሮ የሴቶች ውጤት ይባላል። አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አያገኘውም።

ጋብቻም አለ። ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ካደረገ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ ያም ሆኖ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች 40 በመቶዎቹ ከ18 በፊት ያገቡ ነበሩ። በአማራ ክልል ሞሰቦ የተሞከረው «ብርሃነ ሔዋን» ፕሮግራም ለልጃገረዶች የትምህርት ቁሳቁስ ሰጠ፣ ማኅበረሰቡን አወያየ፣ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦችም በግ ሸለመ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ዘንድ ጋብቻው ቀነሰ፤ በትምህርት ገበታ ላይ የሚገኙትም በዙ። የልጆቹ ተፈጥሮ ያው ነበር፤ የተለወጠው የወላጆቹ ስሌት ነው።

ፈተናው ራሱም ሚና ሊኖረው ይችላል። የእኛ ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው ወንዶች በምርጫ ጥያቄ፣ ሴቶች ደግሞ መልስ ጽፎ በማብራራት የተሻለ ይሠራሉ፤ የወንድና የሴት ልዩነት ከግዛት ግዛት ከሚለያይበት መጠን ሩብ ያህሉ ከጥያቄው ዓይነት ጋር የተያያዘ ነበር። ጉዳዩ እኛም ዘንድ ሊፈተሽ ይገባል።

ለሴቶች ዝቅ ያለ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ማድረግን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ድጋፍ የሚደርሰው ከ12 ዓመት ትምህርት በኋላ ነው። ቀደም ብሎ ለሴት ተማሪዎች የሚሰጠው ቲቶሪያል (የማጠናከሪያ ትምህርት) ደግሞ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ስለሚሆን፣ ልጅቷ ለጓዳ ሥራ ከምትፈለግበት ሰዓት ጋር ይጋጫል። ቲቶሪያሉ በመደበኛው ፈረቃ ውስጥ ይግባ፤ ያኔ ለመቅረት የሚያበቃ ምክንያት አይኖራትም፣ እናትየውም «ቶሎ ነይ» አትላትም።