ኬታሚን ለድባቴ፦ እንዴት ይሠራል? ስንትስ ያስወጣል?

አገር ቤት ሆስፒታል ውስጥ የሠራ ወይም ዘመድ ያስታመመ ሰው ኬታሚን የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። የኦፕራሲዮን ማደንዘዣ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው። ከብዙዎቹ ማደንዘዣዎች በተለየ ትንፋሽን ብዙም አያዳክምም። ስለዚህ ውድ መሣሪያ በሌለበት የወረዳ ሆስፒታልም ቀዶ ሕክምና ያሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይኸው መድኃኒት አሁን አሜሪካ ውስጥ ለድባቴ እየተሰጠ ነው። እዚያ የሚኖሩ ወገኖች ማስታወቂያውን በስልካቸው ያዩታል። «እውነት ያድናል? ወይስ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ደረጃ በደረጃ እንየው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ከኦፕራሲዮን ክፍል ወደ አእምሮ ሕክምና እንዴት መጣ? ኬታሚንን በ1962 የሠራው ካልቪን ስቲቨንስ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነው። በ1970 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ለማደንዘዣነት ፈቀደው። በቬትናም ጦርነት ቁስለኞችን ለማከም በሰፊው ሠሩበት። በ2000 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጣም ጥቂት ለሆኑ የድባቴ ታካሚዎች በትንሽ መጠን ሰጧቸው፤ ስሜታቸውም በቀናት ውስጥ ቀለል አለ። በ2006 የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ሌላ መድኃኒት ባልረዳቸው 18 ታካሚዎች ላይ ሞከረው። ከመካከላቸው ሰባ በመቶ ያህሉ በማግስቱ ተሻላቸው። መሻሻሉ ሳምንት የዘለቀላቸው ግን ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይያዙልኝ። ማስታወቂያዎቹ የመጀመሪያውን ይነግሩዎታል እንጂ ሁለተኛውን አያነሱም።

አንጎል ውስጥ ምን ያደርጋል? እንደ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ያሉት የተለመዱት የድባቴ ክኒኖች የሚሠሩት ሴሮቶኒን በተባለው የአንጎል ኬሚካል በኩል ነው። ውጤታቸውን ለማየት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ኬታሚን የሚነካው ግሉታሜት የተባለውን ነው። ግሉታሜት የአንጎል ሕዋሶች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡበት ዋነኛ ኬሚካል ነው። ኬታሚን ከግሉታሜት መቀበያዎች አንዱን ለአጭር ጊዜ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሕዋሶቹ በድባቴ የላላውን ግንኙነታቸውን እንደገና እንደሚያጠናክሩ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። በሰው ላይ ሙሉ ምክንያቱ ይህ ይሁን አይሁን ሊቃውንቱ ገና እየተከራከሩ ነው።

ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጠው ቴራፒ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቴራፒ ማለት ከሠለጠነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በቀጠሮ እየተነጋገሩ መታከም ነው። ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት ቀናት ሰው ከተጣበቀበት ሐሳብ በቀላሉ ይላቀቃል ተብሎ ይታሰባል። ዝናብ ያለሰለሰውን መሬት ሳይደርቅ እንደ ማረስ ነው። መድኃኒቱ ብቻውን ተወስዶ ሰውየው ወደ ቀድሞ ኑሮው ከተመለሰ ድባቴው የሚያገረሽበት ዕድል ሰፊ ነው።

ቀጠሮው ምን ይመስላል? ሁለት ዓይነት አሰጣጥ አለ። አንደኛው በደም ሥር ነው። ሐኪሙ ክብደትዎን ይለካል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግማሽ ሚሊግራም ያሰላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 35 ሚሊግራም ያህል ይደርሰዋል። ለኦፕራሲዮን ከሚሰጠው ግማሹ ወይም ሩቡ ነው፤ ያውም በ40 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚገባ። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ስድስት ጊዜ ይሰጣል።

ሁለተኛው በአፍንጫ የሚነፋው ነው። ስሙ ኤስኬታሚን ነው፤ የኬታሚን ግማሽ አካል ማለት ይቻላል። ገበያ ላይ ስፕራቫቶ ተብሎ ይሸጣል። በመጋቢት 2019 ሌሎች መድኃኒቶች ላልረዱት ድባቴ ተፈቀደ። በመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለቴ ይወሰዳል፤ በሁለተኛው ወር በሳምንት አንዴ፤ ከዚያ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ። ወደ ቤት ይዘውት መሄድ አይችሉም። ፈቃድ ባለው ክሊኒክ ወስደው ቢያንስ ሁለት ሰዓት እየታዩ ይቆያሉ። እስከ ማግስቱ፣ እንቅልፍ ጠግበው እስኪነሱ ድረስ መኪና መንዳት ክልክል ነው። ስለዚህ የሚያደርስዎትን ሰው ከወዲሁ ያዘጋጁ።

በሰዓቱ ምን ይሰማል? ብዙ ሰው ከገዛ ሰውነቱ የራቀ ይመስለዋል። ድምፅ ከሩቅ ይመጣል፣ ጊዜ ይረዝማል ወይም ያጥራል፣ አንዳንዱ ራእይ የመሰለ ነገር ያያል። ሰዓት ሳይሞላ ወይም ከሰዓት ትንሽ ዘግየት ብሎ ያልፋል። በእኛ ማኅበረሰብ ያደገ ሰው ይህን ቀድሞ ካልተነገረው «መንፈስ ያዘኝ» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ጥሩ ቴራፒስት ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት አንድ ሁለት ቀጠሮ ይዞ ይህንን ያስረዳል፤ በእምነትዎ በኩል የሚያሳስብዎት ነገር ካለም ይጠይቃል። ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት ቀናት ደግሞ ያዩትንና የተሰማዎትን ይዛችሁ ትነጋገራላችሁ።

ለዚህ ንግግር ቋንቋ ወሳኝ ነው። አማርኛ የሚችል ቴራፒስት ካገኙ እሰየው። ካላገኙ የሠለጠነ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። የእናትን ወይም የአባትን የስደት መንገድ መከራ ልጅ አፍ ላይ ማስቀመጥ ለሁለቱም ከባድ ነው። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። በጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚሠራ የግል ክሊኒክ ግን ላይኖረው ይችላል።

ለድባቴ ያለው ማስረጃ ጠንካራ ነው። በ2023 በታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ኬታሚን ለከባድ ድባቴ ከሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሕክምና አላነሰም፤ ኬታሚን ከወሰዱት ታካሚዎች 55 በመቶዎቹ ተሻሽለዋል።

ከጦርነት፣ ከእስር፣ ከመደፈር ወይም ከሌላ አሰቃቂ ነገር በኋላ ለሚቀረው የሥነ ልቦና ቁስል ያለው ማስረጃ ግን እንደዚያ አይደለም። በ2021 የታተመ የ30 ሰዎች ጥናት ጥሩ ውጤት አሳየ። በቀጣዩ ዓመት 158 የቀድሞ ወታደሮችንና በአገልግሎት ላይ ያሉትን የያዘ ሰፋ ያለ ጥናት ወጣ፤ የቁስሉን ምልክቶች በመቀነስ በኩል መድኃኒት ከሌለው የማነጻጸሪያ መርፌ የጎላ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ «ትራውማን በስድስት ቀጠሮ እንነቅላለን» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ይለፉት። ለዚህ ሕመም ፈር የያዙ የንግግር ሕክምናዎች አሉ። መጀመሪያ እነሱን መሞከር ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋጋው። መድኃኒቱ ራሱ ርካሽ ነው፤ የሚከፍሉት ለክሊኒኩ፣ ለነርሷና ለሐኪሙ ነው። አሜሪካ ውስጥ በደም ሥር የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 800 ዶላር ይጠየቅበታል። ስድስት ጊዜ ሲሆን ከ2,400 እስከ 4,800 ዶላር ይደርሳል። ቴራፒው ብዙ ጊዜ ለብቻው ይታሰባል። ውጤቱ እንዲቆይ በየወሩ የሚደገም መድኃኒትም ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ሰው በጀቱ የሚናጋው እዚህ ላይ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ኬታሚን ለድባቴ ስላልተፈቀደ ኢንሹራንስ በአብዛኛው አይሸፍነውም። ሐኪም በራሱ ውሳኔ እንዲያዝዘው ግን ሕጉ ይፈቅዳል።

ስፕራቫቶ የተፈቀደ ስለሆነ ብዙ ኢንሹራንሶች ይከፍሉለታል። በቅድሚያ ግን ቢያንስ ሁለት የድባቴ መድኃኒቶች ተሞክረው እንዳልሠሩ የሚያሳይ ማስረጃና የኢንሹራንሱን ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የወሰዷቸውን ክኒኖች ስም፣ መጠንና ቀን ጽፈው ይያዙ። አገር ቤት የወሰዱትም ሊቆጠር ይችላል፤ ወረቀቱ ካለዎት አይጣሉት።

ማን ይጠንቀቅ? ኬታሚን ለጥቂት ሰዓታት ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ግፊቱ ያልተስተካከለለት፣ የአንጎል ደም መፍሰስ ያጋጠመው ወይም የደም ቧንቧው ያበጠ ሰው አይወስድም። እርጉዝ ከሆኑ፣ ከዚህ በፊት የሌለ ድምፅ በመስማት ወይም በቅዠት ታመው ከሆነ ይናገሩ። ጫት የሚቅሙም ሳያፍሩ ይንገሩ። ጫትም የሚያነቃቃ ነገር ነው፤ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ለረጅም ጊዜ በብዛት የሚወስዱት ሰዎች ደግሞ የሽንት ፊኛቸው ሊጎዳ ይችላል፤ ሱሰኛም ሊሆኑ ይችላሉ።

በፖስታ ወደ ቤት የሚላክ፣ ምላስ ሥር የሚሟሟ ኬታሚንም አለ። ዋጋው ስለሚቀንስ ያጓጓል። በጥቅምት 2023 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ይህን ዓይነቱን አጠቃቀም የሚመለከት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ተዋናዩ ማቲው ፔሪም የሞተው በዚያው ወር፣ በቤቱ፣ ከክሊኒክ ውጭ በወሰደው ኬታሚን ጠንቅ ነው። ግፊትዎን የሚለካ ሰው በሌለበት ክፍል ለብቻዎ መውሰድ ከሚቆጥቡት ገንዘብ ጋር አይመጣጠንም።

ክሊኒክ ሲደውሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ መድኃኒቱ ሲሰጠኝ ማን አጠገቤ ይሆናል? ከዚያ በኋላስ በዚያው ሳምንት ከማን ጋር እነጋገራለሁ? ለሁለተኛው መልስ የሌለው ክሊኒክ የሚሸጥልዎት መርፌ ብቻ ነው፤ ቴራፒ ብሎ ቢጠራውም።

ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ እየመጣብዎት ከሆነ ግን የኢንሹራንስ ፈቃድ እስኪመጣ አይጠብቁ። አሜሪካ ውስጥ ካሉ አሁኑኑ 988 ይደውሉ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። ሌላ አገር ከሆኑ የሚያምኑትን ሰው ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።