አይጠየፍ የተባለው አዳራሽ

ልጆች ሆይ፥ ለሰው ስም እንደሚወጣለት ለቤትም ስም የሚወጣለት ጊዜ አለ። በደሴ ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ አንድ ታላቅ አዳራሽ ይገኛል፤ ስሙም አይጠየፍ ይባላል። መጠየፍ ማለት አንድን ነገር ወይም አንድን ሰው እንደ ርኩስ ቈጥሮ መራቅ፥ ከእርሱ ጋራ አልበላም አልጠጣም ማለት ነው። ስለዚህ አይጠየፍ የተባለው፥ ባለጠጋውንም ድኻውንም ሳይንቅ ተቀብሎ የሚያበላ ቤት ነው ለማለት እንደ ሆነ ይነገራል። «ቤት እንደ ሰው ይጠየፋል ወይ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ልጅ ነበረ፤ ነገራችንም ከእርሱ ይጀምራል።

ይህ ልጅ በሀብሩ ወረዳ በግራና የሚኖር የገበሬ ልጅ ነው። ማሽላው ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ አባቱ፥ «ልጆች፥ እስከ ዛሬ ከመርሳ ገበያ ወዲያ አላያችሁም፤ የፊታችን ቅዳሜ ደሴ ወስጄ አይጠየፍን አሳያችኋለሁ» አለ። እናታቸው ዳቦ ጋገረች፥ ቆሎም ቈላች። አያታቸው ግን፥ «እኔ የድኻ ልጅ ከንጉሥ ቤት ምን አለኝ? ከደጅ ሊመልሱኝ?» ብለው እንቢ አሉ። አባትዮውም፥ «እማዬ፥ ስሙስ አይጠየፍ አይደለም? ይነሡ እንጂ» ብሎ በብዙ ልመና አስነሣቸው።

በዚያው ማለዳ ሊነሡ ሲሉ አንዲት ሸክላ ሠሪ እንስራ ይዛ መጣች። እናቲቱ ዋጋውን ሰጠቻት፥ ቡናም አቀረበችላት። ሸክላ ሠሪዪቱ ግን እንደ ልማዷ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ፥ ለእርሷ ብቻ ተለይቶ በሚቀመጠው ጠርዙ በተሸረፈ ስኒ ጠጥታ ሄደች። ልጁ ይህን አየ፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የሚያየው ነገር ስለ ነበረ ምንም አላሰበም።

ከዚህ በኋላ ወደ መርሳ መጥተው በአውቶቡስ ተሳፈሩ። ከመርሳ እስከ ደሴ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውርጌሳን አልፈው ውጫሌ ሲደርሱ አባትዮው፥ «አፄ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋራ በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተዋዋሉት በዚህ አገር ነው» ብሎ አሳያቸው። የዚያ ውል 17ኛው ክፍል በአማርኛ አንድ ነገር፥ በኢጣልያንኛ ደግሞ ሌላ ነገር ይል ነበርና፥ ከእርሱ በተነሣ ጠብ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት ሆነ። ይህ ለብቻው ረጅም ታሪክ ስለ ሆነ አሁን አንገባበትም፤ የአይጠየፍ ባለቤት ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ አስከትለው ዐድዋ መዝመታቸውን ብቻ ልብ በሉ። የሐይቅንም ውኃ በመስኮት አይተው በቀትር ደሴ ገቡ።

ራስ ሚካኤል ከወረሂመኖ ኢማሞች ዘር የተወለዱ የወሎ ባላባት ነበሩ። የመጀመሪያ ስማቸው መሐመድ አሊ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ባደረጉ ጊዜ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ። በዚያ ዘመን የወሎ እስላም እንዲጠመቅ በአዋጅ ታዞ ስለ ነበረ ብዙ ሰው ተጨነቀ፥ ብዙ ሰውም ተሰደደ፤ ሃይማኖት በአዋጅ ሲሆን እንዲህ ያለ መከራ ያመጣል። በኋላ የአፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ። በ1906 ዓ.ም. በደሴ ንጉሥ ተባሉ። ንግሣቸው ግን አልሰነበተም፤ በጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ድል ሆነው ተማረኩ። ጌታው ሄደ፥ አዳራሹ ቀረ።

ወደ አዳራሹ በደረሱ ጊዜ ልጆቹ ሮጠው ገቡ። አያታቸው ግን ነጠላቸውን አደግድገው ከደጃፉ ቆሙ። ቤቱን የሚያሳዩት ሽማግሌ፥ «ምነው እናቴ፥ አይገቡም?» ቢሏቸው፥ «አጋፋሪው ይግቡ ሳይል እንዴት እገባለሁ?» ብለው መለሱ። ሽማግሌውም ፈገግ ብለው፥ «አጋፋሪው ከሄደ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ይግቡ» አሏቸው። እርሳቸውም ቀኝ እግራቸውን አስቀድመው ገቡ፥ ግድግዳውንም በመዳፋቸው ዳሰሱት።

አሁን አዳራሽ ለምን እንደሚሠራ እንናገር። በቀድሞ ዘመን ገበሬ ለጌታው እህልና ማር፥ ቅቤና ከብት ይሰጥ ነበር፤ ይህም ግብር ይባላል። ጌታውም በበዓል ቀን በአዳራሹ ሠራዊቱንና ሕዝቡን ሰብስቦ ያበላ ነበር፤ ይህም ደግሞ ግብር ይባላል። ልጆች ሆይ፥ የሚከፈለውና የሚበላው በአንድ ስም መጠራቱን አስተውሉ። ገበሬው ከቀፎው ቈርጦ ያገባው ማር ጠጅ ሆኖ በብርሌ ይመለስ ነበርና፥ ጌታውን ቸር ብሎ ማመስገን ተገቢ ቢሆንም ማሩ የማን እንደ ነበረ መርሳት አይገባም።

በግብር ቀን የሚደረገው ሥራ ብዙ ነው። አጋፋሪው በትር ይዞ ከበር ይቆማል፥ ማን መቼ እንዲገባም እርሱ ያዝዛል። አሳላፊዎች ብርንዶውን በእንጨት አንጠልጥለው ተሸክመው በተርታ ያዞራሉ፤ ተጋባዡም በቢላዋ እየቈረጠ ይበላል። ጠጁና ጠላው በታላላቅ ጋን ተሞልቶ ይቀርባል። ጌታው ሲበላ መጋረጃ ይጋረዳል፤ መኳንንቱ በአጠገቡ፥ የጦር አለቆች ከእነርሱ ዝቅ ብለው፥ ተራው ወታደር ደግሞ እነርሱ ሲነሡ ይገባል። በአዲስ አበባም በአፄ ምኒልክ አዳራሽ እንዲሁ ብዙ ሺሕ ሰው በየተራው ይበላ ነበር። እንግዲህ ሁሉ ይገባል ማለት ሁሉ እኩል ይቀመጣል ማለት አልነበረም። ቢሆንም የተራበ ሰው ጠግቦ የሚወጣበት በር ቀላል ነገር አይደለም።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ሲናገሩ ታላቂቱ ልጅ፥ «እስላሞችስ ምን ይበሉ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ጎረቤታቸው እስላም ስለ ሆነ ነው። አባቷም፥ «በእኛ አገር ክርስቲያኑ ሲደግስ ለእስላም ጎረቤቱ ለብቻው ያሳርድለታል፥ እስላሙም ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ይህ መጠየፍ አይደለም፤ እንግዳው ሃይማኖቱ የሚፈቅድለትን በልቶ ደስ እንዲለው ማሰብ ነው» አላት።

ልጁም ዝም ብሎ ቆይቶ፥ «እነዚያን ጋኖች የሠራችው ሴትስ ወዴት ተቀመጠች?» አለ።

ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱም። በኋላም፥ «ልጄ፥ የመኳንንቱን መቀመጫ አባቶቼ ነግረውኛል፤ የእርሷን ግን የነገረኝ የለም» አሉ።

ይህ ጥያቄ ዕውቀት ያለበት ጥያቄ ነው። በአገራችን ሸክላ ሠሪውን፥ ቀጥቃጩን፥ ቈዳ ፋቂውን፥ ሸማኔውን ሰዎች ለብዙ ዘመን ሲንቁ ኖረዋል፤ ቡዳ ነው እያሉም ይሸሹት ነበር፥ ዛሬም ይህ ፈጽሞ አልጠፋም። ነገር ግን ያለ ቀጥቃጭ ቢላዋ፥ ያለ ሸማኔ መጋረጃ፥ ያለ ሸክላ ሠሪም ጋን የለም፤ ድግሱ ራሱ ባልተደገሰም ነበር። በእንግሊዝ አገር የቀድሞ መኳንንት ታላላቅ ቤቶች በየገጠሩ አሉ፤ ብዙዎቹም ዛሬ ለሕዝብ ተከፍተው ቤተ ሰብ በዕረፍት ቀን እየሄደ ያያቸዋል። እዚያም ጎብኚው የጌታውን እልፍኝ ብቻ አይቶ አይመለስም፤ ወጥ ቤቱንና አገልጋዮቹ ይወጡ ይወርዱበት የነበረውን ጠባብ ደረጃ ጭምር ያሳዩታል። ታላቅ ቤት የሚታወቀው በሁለቱም ወገን ሲታይ ነውና።

ቤተ ሰቡ ዳቦውን ከአዳራሹ ውጭ በጥላ ተቀምጠው በሉ፤ ለሽማግሌውም ቈርሰው ሰጧቸው። ማታ ግራና ሲገቡ ልጁ ደክሞት በአባቱ ትከሻ ላይ ተኝቶ ነበር። በመንገድ ስለዚያ ጥያቄ የተናገረ አልነበረም።

በሚመጣው ሳምንት ሸክላ ሠሪዪቱ ምጣድ ይዛ መጣች፤ እንደ ልማዷም ከአጥሩ ሥር ተቀመጠች። ቡና ተፈልቶ ነበር። እናቲቱ ያን የተሸረፈ ስኒ አወጣችና ጀበናውን አንሥታ ሳትቀዳ ቆመች፤ ልጇ ያያት ነበርና። አያቲቱም እጃቸውን ዘርግተው ስኒውን ከእጇ ወሰዱና፥ «ይህ ለእኔ ይሁን፤ በዚህ ቅጅልኝ» አሏት። ወደ አጥሩም ዞረው፥ «ነይ ግቢ ልጄ፥ ቡናው ይበርዳል» ብለው ተጣሩ።

ሸክላ ሠሪዪቱ የሰማችውን ያላመነች መስላ ጥቂት ቆየች። ልጁ ከመደቡ ላይ ቍርበት አነጠፈ። እርሷም ጭቃ የነካውን እጇን በነጠላዋ ጠርጋ፥ ጫማዋን ከደጃፉ አውልቃ ገባች።