አምራቹም የማያርመው ኮድ

ቼክሜይት የተባለው ቀዳዳ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ ከአይፎን 4ኤስ እስከ አይፎን ኤክስ ያለውን ስልክ ሁሉ ሌባ ከሩቅ ሆኖ ይከፍተዋል የሚለው ወሬ አልሞት ብሏል። ወሬው ግማሽ እውነት አለው፦ ቀዳዳው በሶፍትዌር ማሻሻያ አይደፈንም። «ከሩቅ» የሚለው ግን ፈጠራ ነው። ያለ ዩኤስቢ ገመድ አይሠራም።

ስልኩ አምራቹ የፈረመበትን ኮድ ብቻ እንዲያስኬድ ነው የተሠራው። በፊርማው ሒሳብ አንዘግይ። አምራቹ በምስጢር ቁልፉ ይፈርማል፣ ስልኩ በይፋዊው ቁልፍ ያረጋግጣል፤ በቃ። ከባዱ ጥያቄ አረጋጋጩን ማን ያረጋግጠዋል የሚለው ነው።

ስልኩ ሲበራ ፕሮሰሰሩ የመጀመሪያ ትእዛዙን የሚያነበው ቺፑ ሲመረት አብሮ ከተቀረጸው ቡት ሮም ነው። ይህ ትንሽ ኮድ የአፕልን ይፋዊ ቁልፍ ይዟል፤ የቀጣዩን ኮድ ፊርማ መርምሮ ያስነሣል፣ ያም በተራው የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ከርነሉን። አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ዋስ ግን የራሱ ዋስ የለውም። ስለዚህ ማንም እንዳይነካው ሆኖ ተቀረጸ። «ማንም» ሲባል አፕልም ጭምር ነው።

ስህተቱ ያለው እዚያው፣ ዲኤፍዩ በሚባለው የማገገሚያ ሁነታ ውስጥ ነው። ስልኩ አልነሣ ሲል ቡት ሮሙ በዩኤስቢ አዲስ ኮድ ይቀበላል፤ ለዚህም ከሜሞሪው ቦታ ይይዛል። ዝውውሩ መሐል ላይ ሲቋረጥ ቦታውን ይለቃል፣ አድራሻውን ግን አይሰርዝም። እንደገና ሲጀምር በለቀቀው ቦታ ላይ ይጽፋል። እዚያ ቦታ ላይ በመሐሉ ምን እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያመቻቸ ሰው ፕሮሰሰሩን የራሱን ኮድ ያስኬደዋል። የፊርማ ምርመራው ሳይጀመር መርማሪው ተጠልፏል።

ጉዳቱስ? ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ የገባው ኮድ አይኖርም፤ ለመመለስ ገመዱ ዳግም ያስፈልጋል። የይለፍ ቃል ሙከራን የሚቆጣጠረው ሴኪዩር ኢንክሌቭ ደግሞ የራሱ ቡት ሮም ያለው ሌላ ፕሮሰሰር ነው፤ ቼክሜይት ብቻውን አይደፍረውም። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ይገባል። ከአይፎን 5ኤስ በፊት የነበሩት ኢንክሌቭ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ፓንጉ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን በአንዳንድ ቺፖች የኢንክሌቩ ቡት ሮም ላይም ስህተት እንዳለ አሳይቷል። እኛ የሃርድዌር ሰዎች «አይደፈርም» ማለት ብንተው ይሻላል።

ከኤ12 ቺፕ ጀምሮ ያሉት ስልኮች በዚህ ቀዳዳ አይነኩም። የቀድሞዎቹን የያዘ ሰው ረዘም ያለ የይለፍ ቃል ይጠቀም፤ ስልኩ ከእጁ ወጥቶ ከተመለሰም አጥፍቶ ያብራው። ማሻሻያ ይወጣለታል ብሎ ግን አይጠብቅ።